ምንም ያላመማቸው ሰዎች ፊልም

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ 98 ሰዎች ተራ በተራ ወደ ኤምአርአይ መሣሪያ እየገቡ የወገባቸውን ፊልም ተነሡ። አንዳቸውንም ወገባቸውን አያማቸውም። የተጠሩትም ጤነኛ ስለሆኑ ነው። ሥራውን የመሩት ሞሪን ጄንሰን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ፊልሙን የሚያነቡት ሁለት ራዲዮሎጂስቶች «ይህ ሁሉ የጤነኛ ሰው ነው» ብለው ካሰቡ ዓይናቸው ሊላላ ስለሚችል፣ ወገባቸውን የሚያማቸው 27 ሰዎች ፊልም በመሃል ተቀላቀለ። ራዲዮሎጂስቶቹ የትኛው የማን እንደሆነ አልተነገራቸውም። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያይ፣ ሁለቱም ያዩትን ብቻ እንዲጽፉ ተደረገ።

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፦ የሚያመው ሰው ፊልም ላይ የሚታየው ነገር፣ የማያመው ሰው ፊልም ላይስ ይታያል ወይ? ሕክምናው ይህን ጥያቄ በዚህ ጥራት እስኪጠይቅ ድረስ ስልሳ ዓመት ፈጅቶበታል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሰፊውን የኤምአርአይ ፖስታ በብብቱ ይዞ ከሐኪም ሐኪም የሚዞር፣ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ «ዲስክህ ተንሸራትቷል» የተባለ ሰው ሁሉ መልሱ ይመለከተዋል። ግን በደንብ አልደረሰውም፤ ታሪኩን ከሥሩ የምተርከው ለዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአስከሬን ክፍል ነው። ክርስቲያን ጌዎርግ ሽሞርል የተባሉ ፓቶሎጂስት በጀርመን ድሬዝደን ከተማ፣ ሌላው መርማሪ እምብዛም የማይነካውን አከርካሪ ከላይ እስከ ታች እያወጡ ያጠኑ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ አከርካሪዎች በእጃቸው አልፈዋል። በየሁለቱ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ውኃ የቋጠረ ለስላሳ እምብርት አለው፤ ዙሪያውን ደግሞ ጠንካራ የጅማት ቀለበት ይይዘዋል። ሽሞርል ያ እምብርት ከላይና ከታች ያለውን አጥንት ሰርስሮ ሲገባ አዩ። ወደ ኋላ፣ ነርቮቹ ወደሚያልፉበት ቦይ ሲወጣም አዩ። በ1932 አከርካሪ ሲቆርጡ ጣታቸውን ተጎድተው በደም መመረዝ ሞቱ። ትተውት የሄዱት እውቀት ግዙፍ ነው። ነገር ግን ባለ አከርካሪው የሞተ ሰው ስለነበረ፣ «ይህ ያምህ ነበር?» ብለው ሊጠይቁት አልቻሉም።

በዚያው ዓመት ቦስተን፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል። ጆሴፍ ባር የተባሉ የአጥንት ሐኪም፣ ሕመሙ እግሩ ድረስ የሚወርድ አንድ ወጣት ታካሚ ነበራቸው። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ጄሰን ሚክስተር አከርካሪውን ከፍተው ነርቭ ላይ የተጫነ ቁራጭ አወጡ። በዘመኑ ልማድ ይህ የልም አጥንት ዕጢ ይባል ነበር። ባር ግን የሽሞርልን መጽሐፍ በቅርቡ አንብበዋል፤ የወጣው ነገር ዕጢ አልመሰላቸውም። ቻርልስ ኩቢክ ከተባሉ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ሆስፒታሉ በቀደሙት ዓመታት «ዕጢ» ብሎ መዝግቦ ያስቀመጣቸውን ናሙናዎች አስወጥተው እንደገና በማይክሮስኮፕ አዩ። ብዙዎቹ ዕጢ አልነበሩም፤ ከቦታቸው ያፈተለኩ የዲስክ ቁራጮች ናቸው። ሚክስተርና ባር በ1934 የ19 ታካሚዎችን ታሪክ ይዘው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳተሙ።

ይህ ግኝት ዛሬም እውነት ነው። ያፈተለከ ዲስክ ነርቭን ሲጫንና ሲያስቆጣ ከቂጥ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚወርድ፣ የሚያቃጥልና የሚያደነዝዝ ሕመም ያመጣል። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የእግሩ ማብራሪያ ቀስ በቀስ ለወገቡም ማብራሪያ ሆነ፤ ወገብ ባመመ ቁጥር ዲስክ መፈለግ፣ ዲስክ በተገኘ ቁጥር መክፈት ተለመደ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ዘመን የዲስክ ሥርወ መንግሥት ይሉታል። 19ኙም ሰዎች ታመው የመጡ ነበሩ። ያላመመውን ሰው ማንም አልከፈተም፤ ሊከፍትም አይችልም። ማወዳደሪያ ስላልነበረ የታየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ተደርጎ ተቆጠረ።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው ማንም ባልጠበቀበት በኩል ነው፤ በጆሮ። በ1960ዎቹ የመስሚያ ነርቭ ዕጢ የተጠረጠረበት ሰው ማይሎግራም ይነሣ ነበር። በራጅ ላይ የሚታይ ቅባታማ ፈሳሽ ከወገቡ በኩል ወደ አከርካሪው ቦይ ይወጋና፣ ሰውየው ጭንቅላቱ ወደ ታች እንዲያዘነብል ሲደረግ ፈሳሹ ቦዩን ሁሉ አልፎ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ሂትሰልበርገርና ዊተን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አንድ ነገር ልብ አሉ፦ ፈሳሹ ወደ ጆሮ ሲሄድ በወገብና በአንገት ማለፉ አይቀርም፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ወገባቸውን አላመማቸውም። ስለዚህ በየመንገዱ የታየውን መዘገቡ። በ1968 ያወጡት ውጤት ከ300 ሰዎች 37 በመቶው ላይ ጤናማ ያልሆነ ምስል መታየቱን ይናገራል፤ በወገብ በኩል ብቻ 24 በመቶ። ከመቶ ጤነኛ ሰው ሃያ አራቱ ለቀዶ ሕክምና የሚያሳስብ የወገብ ፊልም ነበረው ማለት ነው። በእኔ እምነት ይህ ጽሑፍ የቦስተኑን ያህል ሊነገርለት የሚገባ ነው፤ ግን ያን ያህል አልተሰማም።

ከዚያ ሌላ ዓይን መጣ፤ ኤምአርአይ። ጁላይ 3 ቀን 1977 ኒውዮርክ ውስጥ ሬይመንድ ዳማዲያን ከተማሪዎቻቸው ጋር የሠሩትንና «የማይበገረው» ብለው የሰየሙትን መሣሪያ ሞከሩ። አስቀድመው ራሳቸው ገብተው ነበር፤ ሰውነታቸው ስለገዘፈ አልሆነም። ቀጭኑ ተማሪ ላሪ ሚንኮፍ ገባ፤ አምስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀምጦ የደረቱ አንድ ቅድ ምስል ወጣ። በማግኔት መስክ ምስል የመሥራትን መንገድ ያሳዩት ፖል ላውተርበርና ያንን ያዳበሩት ፒተር ማንስፊልድ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዳማዲያን አልተካተቱም።

ለወገብ ታማሚ የሚጠቅመው መሣሪያው የሚያየውን ማወቅ ነው። ኤምአርአይ ሕመምን አያይም። የሚይዘው በዋናነት በውኃና በስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን የሚመጣውን ምልክት ነው። የወጣት ዲስክ ውኃ ስለሞላው በአንደኛው ዓይነት ምስል ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል። ዕድሜ ሲጨምር ውኃው ይቀንሳል፤ ዲስኩ ይጠቁራል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ ዙሪያው ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋል። ሪፖርቱ ላይ «የዲስክ መድረቅ»፣ «መበላሸት»፣ «ማበጥ» እየተባለ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የውኃው መቀነስ ዜና ነው።

በ1990 ስኮት ቦደንና ባልደረቦቻቸው ወገባቸውን አሟቸው የማያውቁ 67 ሰዎችን በዚህ መሣሪያ አነሡ። ከ60 ዓመት በታች ካሉት አንድ አምስተኛው የዲስክ መንሸራተት ነበረባቸው፤ ከ60 በላይ ካሉት 57 በመቶው ላይ ጤናማ ያልሆነ ነገር ታየ። ከአራት ዓመት በኋላ የእነ ጄንሰን 98 ሰዎች ውጤት ታተመ። ሁሉም ዲስካቸው ደህና ሆኖ የተገኘው 36 በመቶው ብቻ ናቸው። 52 በመቶው ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ፣ 27 በመቶው ደግሞ ወደ ኋላ የወጣ ዲስክ ነበራቸው። ሽሞርል በአስከሬን ላይ ያዩት፣ እምብርቱ አጥንቱን ሰርስሮ የሚገባበት ጉድጓድም በ19 በመቶው ላይ ተገኘ። የድሬዝደኑ ሐኪም ሊጠይቁት ያልቻሉት ሰው መልስ ሰጠ ማለት ነው፦ አያመኝም።

አንድ ነገር ግን በእነዚህ ጤነኞች ላይ እምብዛም አልተገኘም። ቀለበቱን በጥሶ የፈሰሰ ትልቅ የዲስክ ቁራጭ የታየው በ1 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ፊልም ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ማበጥ አንድ ነገር ነው፤ በጥሶ መፍሰስ ሌላ።

በ2015 ደግሞ ብሪንጂኪ የተባሉ ራዲዮሎጂስትና ባልደረቦቻቸው 33 ጥናቶችን፣ ምንም የማያማቸውን 3,110 ሰዎች አንድ ላይ አድርገው በዕድሜ ደለደሏቸው። በ20 ዓመታቸው 37 በመቶዎቹ ላይ የዲስክ መበላሸት ይታያል። በ30 ዓመት 52፣ በ40 ዓመት 68፣ በ50 ዓመት 80፣ በ80 ዓመት 96 በመቶ። የዲስክ ማበጥ ከ30 በመቶ ተነሥቶ 84 በመቶ ይደርሳል። እንደ ሽበት ነው፤ በሽበት ምክንያት ግን ማንም ሰው ከሥራው ተነሥቶ አልጋ አይዝም።

የምስሉ አንባቢም ሰው ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ወገቧን የሚያማትና ሕመሙ ወደ ቀኝ እግሯ የሚወርድ የ63 ዓመት ሴት በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥር የተለያዩ ማዕከሎች ሄዳ ኤምአርአይ ተነሣች። አከርካሪዋ ያው አንድ አከርካሪ ነው። አሥሩ ሪፖርቶች በድምሩ 49 ዓይነት ግኝት ጻፉ፤ በአሥሩም ላይ የተገኘ አንድም አልነበረም። ከግኝቶቹ ሲሶ ያህሉ በአንድ ሪፖርት ላይ ብቻ የታዩ ናቸው። እዚህ አገር «እንደገና ሌላ ቦታ ተነሣ» የሚባል ታካሚ ብዙ ነው፤ ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ሲለይ ሕመሙ ባሰ ወይም ዳነ ብሎ ይደመድማል። ምናልባት የተለወጠው አንባቢው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ታማሚ «ታዲያ ሕመሜ ውሸት ነው?» ቢል አልፈርድበትም። ውሸት አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው፤ ፊልሙ ግን ሕመሙን የሚለካ መሣሪያ አይደለም። በአብዛኛው የቆየ የወገብ ሕመም ላይ አንድ ነጥብ ጠቁሞ «ከዚህ ነው የመጣው» ማለት አይቻልም፤ ጡንቻ፣ መጋጠሚያ፣ ዲስክ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የሥራው ዓይነት ይደራረባሉ። ክሊፎርድ ዉልፍ የተባሉ ተመራማሪ በ1983 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሥራ፣ ጉዳት ሲደርስ ሕብለ ሰረሰር ራሱ እንደሚነቃና ከዚያ በኋላ ትንሹን ንክኪ አጉልቶ እንደሚያስተላልፍ አሳይተዋል። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ለምን በፊልሙ ላይ ካለው ነገር ጋር እንደማይመጣጠን ለመረዳት ይህ ትልቅ በር ከፍቷል።

«ሥራዬ ነው ዲስኬን የጨረሰው» የሚል እምነትም ተፈትኗል። ሚሼል ባቲዬና ታፒዮ ቪዴማን ፊንላንድ ውስጥ 115 ጥንድ ወንድ መንትዮችን በኤምአርአይ አነሡ። አንድ ዓይነት ዘር ኖሯቸው አንዱ ከባድ ሥራ፣ ሌላው ቀላል ሥራ የኖረ ነው። የዲስኩን ሁኔታ ከሁሉ በላይ የወሰነው ዘርና አብሮ ያደጉበት ቤት እንጂ የተሸከሙት ሸክም አልነበረም። በ2002 ደግሞ አንዱ ዕድሜውን ሹፌር፣ ወንድሙ ሹፌር ያልሆነባቸውን 45 ጥንዶች አወዳደሩ፤ የዲስካቸው ሁኔታ አልተለያየም። በዋሽንግተንና አካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ረጅም መቀመጥ ወገብን ያደነድናል፣ ያሠቃያልም፤ ነገር ግን በየቀኑ ዲስካቸውን እየፈጩ እንደሆነ አምነው መኖር አይገባቸውም።

ሌላው ብዙ ሰው የማይሰማው ነገር ዲስክ ራሱ ሊመለስ መቻሉ ነው። በጥሶ የፈሰሰው ቁራጭ በሰውነት መከላከያ ሕዋሳት እየተበላ በወራት ውስጥ ሊሟሽሽ ይችላል፤ የሚገርመው ትልቁና ከእናቱ የተገነጠለው ቁራጭ ከትንሹ እብጠት ይልቅ አዘውትሮ የሚጠፋ መሆኑ ነው። ኦስሎ ውስጥ ሄንሪክ ዌበር በ1983 ባሳተሙት ጥናት የእግር ሕመም የነበረባቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍለው ግማሹን ቀዶ ሕክምና፣ ግማሹን ያለ ቀዶ ሕክምና ተከታተሉ። በዓመቱ ቀዶ የተደረገላቸው ይሻሉ ነበር፤ በአራተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጎልቶ አልታየም። ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው ፈጣን እፎይታ ነው። ለሚችል ሰው ደግሞ መጠበቅም ሕክምና ነው።

ፊልሙ ነፍስ የሚያድንበትን ቦታ ግን አጥብቄ መናገር አለብኝ፤ በተለይ ለእኛ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭኖች መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግር እየከዳ ከሄደ፣ ሳይነጋ ሆስፒታል መሄድ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሲያርፉም የማይተው የሌሊት ሕመም፣ የቀድሞ ካንሰር፣ ከባድ አወዳደቅ፣ እነዚህም ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ። ፐርሲቫል ፖት የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1779 የጻፉት የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን ዛሬም አለ፤ ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም አከርካሪን ይይዛል። ሁለቱም በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው፤ ኤምአርአይም እነዚህን ቀድሞ በማየት ወደር የለውም። አንድ የቲቢ ታማሚ «ዲስክ ነው» ተብሎ ለወራት መታሸቱ፣ አንድ ጤነኛ ዲስክ ያለው ሰው መቀደዱን ያህል ያሳዝነኛል።

ከሕመሙ ጋር መኖርስ? የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2023 ስለ ቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። የሚደግፈው ስለ ሕመሙ በደንብ ማስረዳትን፣ እንቅስቃሴን፣ አንዳንድ የእጅ ሕክምናንና ማሸትን፣ የሥነ ልቦና እገዛን፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ነው። የማይደግፈው ደግሞ በየፋርማሲው የተሰቀለውን የወገብ ቀበቶ፣ መጎተትን፣ እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ ማስታገሻዎችን ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ በ1995 በታተመ ጥናት ድንገት ወገባቸው የተያዘ 186 የከተማው ሠራተኞች ለሦስት ተከፈሉ፤ በፍጥነት ያገገሙት እንዲተኙ የታዘዙት ሳይሆኑ፣ በሚችሉት መጠን የዕለት ኑሯቸውን የቀጠሉት ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሎ፣ እየጨመሩ በእግር እንዲሄዱ የተመከሩት ሕመሙ ተመልሶ እስኪመጣባቸው ድረስ ያለፈው መካከለኛ ጊዜ (ሚዲያን) 208 ቀን ሲሆን የሌሎቹ 112 ቀን መሆኑን አገኘ። በእግር ለመሄድ ገንዘብ አያስፈልግም። አንዳንድ ቀን ሕመሙ ይነሣል፤ ያን ቀን መንገዱን ማሳጠር እንጂ መተው አይገባም።

ለዚህ ነው «ከእንግዲህ ጎንበስ እንዳትዪ፣ ዕቃ እንዳታነሺ» የሚለው ምክር የሚያስቆጣኝ። ለቢሮ ሠራተኛ ማስፈራሪያ ነው፤ ጀሪካን ለምትሸከም እናትና ለቀን ሠራተኛ ግን እንጀራ መንጠቅ ነው። ያለ በቂ ምክንያት የተነገረ ፍርሃት ጡንቻን ያስራል፣ እንቅስቃሴን ያሳንሳል፣ ሕመሙን ያቆየዋል።

አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን ፍርሃት ከምንጩ ለማድረቅ ሞክረዋል። ጄፍሪ ጃርቪክና ባልደረቦቻቸው በአራት የጤና ተቋማት፣ ከ250,000 በላይ ታካሚዎች ላይ ባደረጉትና በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ በሪፖርቱ ላይ ያንኑ ግኝት ምንም የማያማቸው የዕድሜ እኩዮች ስንቱ ላይ እንደሚታይ የሚገልጽ ጽሑፍ አስገቡ። የሚወሰደው የወገብ ሕክምና በጠቅላላው አልቀነሰም፤ የሞርፊን ዘመዶች ትእዛዝ ብቻ በጥቂቱ ቀነሰ። እኔ ከዚህ የምረዳው ጽሑፉ ከንቱ መሆኑን ሳይሆን፣ የሚያነብለት ሰው እንደሚያስፈልገው ነው። እዚህ አገር ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በታካሚው እጅ ይሰጣል፤ ታካሚው ከሐኪሙ ፊት እስኪቀርብ ድረስ ጎረቤትና ዘመድ ተርጉመውለት ያድራል። ከሥሩ በአማርኛ ሁለት መስመር ቢጨመርበት ምን ነበረበት? ለሃምሳ ዓመቷ ሴት፦ «በእርስዎ ዕድሜ ወገባቸውን ከማያማቸው አሥር ሰዎች ስምንቱ ላይ ይህ የዲስክ መበላሸት ይታያል። ነርቭዎ የተጫነ፣ አጥንትዎ በቲቢ ወይም በዕጢ የተነካ መሆን አለመሆኑን ሐኪምዎን ይጠይቁ።» ይህን ለመጻፍ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ፊልሙን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል።